ከጀልባው በፊት፤ በባሕር ዳር ከተማ አንድ ቀን

ከጉለሌ በላይ ባለው በእንጦጦ ተራራ ራስ ላይ የሚወርደው ዝናም ሁለት ዕድል አለው። በደቡብ በኩል የወረደው በጉለሌ ጅረቶች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ ባሉት ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው ግን የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ታላቁ ዓባይ ይገባና ሱዳንን አልፎ፣ ግብፅን አጠጥቶ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይፈስሳል። አባቶቻችን ጳጳስ ለማምጣት ወደ እስክንድርያ ይላኩ በነበረበት ዘመን ሁሉ፣ ከእንጦጦ ማዶ የሚወርደው ውኃም በበኩሉ ወደዚያው አገር ይጓዝ ነበር። እንግዲህ በጉለሌ የሚኖር ቤተ ሰብ ሳያስበው በዓባይ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ነው።

ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ከሰፈራችን ነው። ከአዲሱ ገበያ ወጥቶ የእንጦጦን ጫፍ ይሻገራል፤ ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ጎሐ ጽዮንን ካለፈ በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። ከዚያም በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በዳንግላ አድርጎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጉዞ ከተደረገ በኋላ፣ መንገደኛው ከባሕር ዳር ይደርሳል።

ብዙ ምእመናን የጣናን ገዳማት ለመሳለም በዚህ መንገድ ይጓዛሉ። ይሁን እንጂ ከእነርሱ የሚበዙት ባሕር ዳርን የሚያዩዋት እንደ ማደሪያ ብቻ ነው፤ ማታ ደክመው ይደርሳሉ፤ ሲነጋም ወደ ጀልባው ይሮጣሉ። እኔም ቅኔ ለመማር ጎጃም በተሻገርሁበት በወጣትነቴ ዘመን፣ አኩፋዳዬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ በከተማዪቱ ሳልፍ ያየሁት ነገር ቢኖር የየቤቱን ደጃፍና የየደጃፉን ውሻ ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአውቶቡሱና በጀልባው መካከል ስላለችው ስለዚያች አንዲት ቀን የሚናገር ነው፤ ቤተ ሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው በዚያች ቀን ምን ቢያደርግ ይጠቅመዋል የሚለውን ጥያቄ እኛ በገጠመን ነገር እንመልከተው።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት ሆናለች። ሕዝባችን ግን ጣናን ከጥንት ጀምሮ «ባሕር» ብሎ ስለሚጠራው፣ በዳርቻው የተቈረቈረችውም ከተማ ስሟን ከዚሁ አግኝታለች፤ አስቀድሞ በዳርቻው ባለው ደብር ስም «ባሕር ጊዮርጊስ» ትባል ነበር። ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በላዩም 37 ደሴቶች እንዳሉበት ይነገራል። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ያለች ስለ ሆነች፣ ከጉለሌ ብርድ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያው ጧት ጋቢውን አውልቆ በክንዱ ላይ ያደርጋል። በ1950ዎቹ ዓመታት የጀርመን መሐንዲሶች ባወጡላት ፕላን መሠረት መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ግራና ቀኙን የተተከለው ዘንባባም ለመንገደኛው ጥላ ይሰጠዋል። በ1953 ዓ.ም. ኢጣሊያ ከከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ትንሿን መንደር ወደ ከተማነት ያሳደጓት ናቸው።

እኛ የተጓዝነው በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ጥር 14 ቀን ነበር። አምስት ነን፤ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እኔ። የጉዞው ባለቤት ግን እናቴ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ከጽኑ ሕመም በተነሣች ጊዜ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስለው ስለ ነበር፣ ስለታቸውን ጥር 16 ቀን በወርኃዊው በዓል ሊያገቡ ተነሥተዋል። ዕድሜያቸው 78 ዓመት ነው፤ ጕልበታቸውም ከቤታቸው እስከ ደብራቸው ያለችውን አጭር ዐቀበት እንኳ በሁለት ዕረፍት የሚወጣ ሆኗል። ከዘጌ ወደብ እስከ ዑራ ያለው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ መሆኑን እኔ ዐውቅ ነበርና፣ አንድ ቀን ሙሉ በባሕር ዳር እንድንውል አሰብሁ።

እናቴ ግን ይህን አልወደዱትም። «ልጄ፣ የስለት መንገደኛ አገር ሲያይ አይዞርም፤ ስለቱን አግብቶ ይመለሳል እንጂ» አሉኝ። ልጆቹ በበኩላቸው የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በመጽሐፋቸው ካዩት ጊዜ ጀምሮ ሲመኙት ስለ ኖሩ ቀኑ የእነርሱ እንዲሆን ፈለጉ። ባለቤቴም የገበያውን አገልግልና መሶብ ለማየት ዐስባ ነበር። አንዲት ቀን ለአራት ሰው አሳብ እንዴት ትበቃለች? ከመካከላቸው አንዱን ማስቀየም ቀላል ነበር፤ ሁሉንም ሳያስቀይሙ ማደር ግን ጥበብን ይጠይቃል። «እማዬ፣ መኪናው ውስጥ ዐሥር ሰዓት ያህል ታጥፎ የዋለው ጕልበትዎ ሳያርፍ ነገ ዐቀበት አይወጣም፤ ዛሬን ለጕልበትዎ ይስጡት» አልኋቸው። ስለ ጕልበታቸው ሲነገራቸው ዝም አሉ።

የጥር 15 ቀን ጧት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀመርን። ደብሩ በከተማዪቱ መካከል ከሐይቁ አጠገብ ስለ ሆነ፣ ኪዳን አድርሶ ለወጣ ሰው ባሕሩ ከዛፎቹ ሥር ብልጭ ይልለታል። በቅጽሩ ውስጥ ዘመን የጠገበ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ይህን ሕንፃ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረው የእስፓኝ ተወላጅ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል፤ እርሱም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1618 ዓ.ም. በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈ ሰው ነው። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በመቀበላቸው አገሪቱ በደም ታጥባ፣ በመጨረሻም በልጃቸው በዐፄ ፋሲል ጊዜ ሃይማኖቱ መመለሱን ለልጆቼ በአጭሩ ነገርኋቸው። ታላቁ ልጄ «ታዲያ ቤቱን ስለ ምን አላፈረሱትም?» ሲል ጠየቀ። እኔ መልስ ከማዘጋጀቴ በፊት እናቴ ቀደሙኝና «ቤቱ ምን አጠፋ? ድንጋይ ሃይማኖት አይለውጥ» አሉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጉብኝቱን የሚቃወም ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ከደብሩ ወጥተን በዳርቻው ስንሄድ የደንገል ታንኳዎች ተደርድረው አገኘን። ደንገል በጣና ዳር የሚበቅል ረጅም የውኃ ተክል ነው፤ ዐጭደው ያደርቁትና በነዶ በነዶ አስረው ፊቱ ሾጠጥ ያለ ታንኳ ያደርጉታል። እንጨት የለበትም፤ ምስማርም የለበትም። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ አያገለግልም፤ ባረጀ ጊዜም ባለቤቱ በሌላ ይተካዋል። በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ነገደ ወይጦ የተባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። የጽላትና የመጻሕፍት፣ የቡናና የማገዶ እንጨት ጭነት ከደሴት ወደ የብስ፣ ከየብስም ወደ ደሴት ለብዙ መቶ ዓመታት የተመላለሰው በዚህ በሣር ላይ ነው። ትንሿ ልጄ ታንኳውን በጣቷ ጫን ብላ «ይህ ነው ሰው የሚሸከመው?» ብላ አደነቀች።

የሞተር ጀልባውንም የተስማማነው በዚሁ ስፍራ ነበር። ጀልባ ነጂው ወጣት ሲሆን እናቴን ባየ ጊዜ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እማማ፣ ጧት በ1 ሰዓት እዚህ ይገኙልኝ፤ ባሕሩ በጧት እንደ ወተት የረጋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል» አላቸው። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ትንሽ ነፋስ ቶሎ ማዕበል ያስነሣበታል፤ ስለዚህ ከጧት በኋላ መነሣት የተሳሳተ ቈጠባ ነው። በመንገዳችን ያለውን የክብራን ገብርኤልን ገዳም ለመሳለም እናቴ በጠየቁ ጊዜ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ክብራን ሴቶች እንደማይገቡ፣ ከአጠገቡ ባለው በእንጦስ ኢየሱስ ግን ገብተው ሊሳለሙ እንደሚችሉ ነገራቸው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጥቂት ተለወጠ። እናቴ ግን «በጀልባ ላይ ቆሜ እሰግዳለሁ፤ መልአኩ እንደ ሆነ እስከ ጀልባው ድረስ ያያል» ሲሉ መለሱ።

አንባብያን ይህን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው። ከጣና ገዳማት መካከል ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባባቸው ሲሆኑ፣ በዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ በደቅ ደሴት አጠገብ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉ ክፍት ናቸው። ሥርዓቱን ከወደቡ ደርሰው ከሚሰሙት በዋዜማው ቢሰሙት፣ በቤተ ሰቡ መካከል የሚሆነው ማዘን ይቀንሳል፤ ማን ወዴት እንደሚሄድም ተመካክሮ ለመወሰን ጊዜ ይገኛል።

በቀትር ምሳ ፈለግን። ባሕር ዳር የዓሣ ከተማ ናት፤ ቆረሶውና አምባዛው ተጠብሶም ተቀቅሎም በየምግብ ቤቱ ይቀርባል። ከሳይንስ ሰዎች እንደ ተረዳነው ደግሞ በጣና ውስጥ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የማይገኙ ከዐሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ምግብ አቅራቢዋ ዓሣው ከጾም ምግብ ጋር እንደሚቀርብ ስትነግረን ልጆቹ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ወደ እናቴ ተመለከትሁ። በዚህ ነገር ልማዱ እንደየአገሩ ይለያያልና ሁሉም የንስሐ አባቱን ቢጠይቅ ይሻላል። እናቴ ግን ክርክር አላስነሡም፤ «ዓሣው በባሕሩ አለ፤ ነገም ያገኘናል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉና ሽሮ አዘዙ። ሁላችንም ሽሮ በላን።

ከምሳ በኋላ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ መጣ። ጢስ ዓባይ ከከተማዪቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከመኪና ከወረዱም በኋላ በእግር መሄድ አለ። እናቴን ይዞ መሄድ ለነገው ዐቀበት የቈጠብነውን ጕልበት ማባከን ነው፤ እርሳቸውን በእንግዳ ከተማ ብቻቸውን ትቶ መሄድም አይገባም። ስለዚህ ልጆቹን ፏፏቴውን ከስለቱ በኋላ እንደምናየው ነገርኋቸው። ትንሿ ልጄ አኮረፈች። ኩርፊያዋን አልተቈጣሁትም፤ በመጽሐፍ ያየውን ነገር በዐይኑ ለማየት የሚናፍቅ ልጅ ማኩረፉ የትምህርት ምልክት ነው።

በዚህ ፈንታ በመኪና ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። በዚያ ለቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ ቤተ መንግሥት አለ፤ ወደ ውስጡ አልገባንም፤ ነገር ግን ከኮረብታው ላይ የሚታየው ነገር ከቤተ መንግሥት ይበልጣል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በዛፎች መካከል ዝም ብሎ ሲሄድ ከእግራችን በታች ነበር። ጕማሬዎች በዳርቻው ጭንቅላታቸውን ብቅ አድርገው ይተነፍሱ ነበር። ልጆቹን አስቀምጬ በዚያ ሆኜ የጂኦግራፊ ትምህርት ሰጠኋቸው፤ ከግሽ የፈለቀው ትንሹ ዓባይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ሐይቁ እንደሚገባ፣ በዚህ በኩልም ታላቁ ዓባይ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ጎጃምን እንደ ቀለበት ከከበበ በኋላ ወደ ሱዳን እንደሚያመራ፣ በመንገዱም ከእኛው ከእንጦጦ ጀርባ የመጣውን ውኃ እንደሚቀበል አስረዳኋቸው። ያኮረፈችው ልጅ በዚህ ጊዜ «የእኛ ዝናም እዚህ የለም ማለት ነው?» አለች። «የለም፤ ታች ይጠብቀዋል» አልኋት። ሣቀች።

ፏፏቴውንም በገባነው ቃል መሠረት ጥር 17 ቀን አየነው። ውኃው ግን በመጽሐፉ ሥዕል እንዳለው አልነበረም። በክረምት ሲሞላ 400 ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ የሚወረወረው ዓባይ፣ በበጋው ወራት በጥቂት ጅማት ብቻ ይወርዳል። ምክንያቱ ወቅቱ ብቻ አይደለም፤ በ1956 ዓ.ም. እና በ1993 ዓ.ም. የተከፈቱት የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሐይቁ ውኃ በዋሻ እየወሰደ ወደ በለስ ወንዝ የሚለቅቀው ትልቁ ማመንጫ የውኃውን ድርሻ ስለሚካፈሉ ነው። በጉለሌ ያለችው አምፖላችንም ከዚህ ድርሻ ሳታገኝ አትቀርም። ስለዚህ ፏፏቴውን ሙሉ ሆኖ ለማየት የሚሻ ቤተ ሰብ በነሐሴና በመስከረም ይሂድ፤ በጥር የሚሄድ ደግሞ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአላታ በዓባይ ላይ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ አይቶ ይጽናና።

ወደዚያች ቀን እንመለስ። ፀሓይ ወደ ዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ እናቴ ራሳቸው «እስቲ ከባሕሩ ዳር ጥቂት እንቀመጥ» አሉ። ረጅም መንቆር ያላቸው ነጫጭ የውኃ ወፎች በቡድን ይንሳፈፉ ነበር። ክብራን በውኃው ላይ እንደ ጥቍር ዘውድ ታየች። ባለቤቴ ገበያውን አዳርሳ አንድ አገልግል ይዛ መጣች፤ በውስጡም ለነገው ስንቅ ቆሎና ዳቦ ነበረበት። እናቴ የጃንጥላውን መጠቅለያ ፈተው ዘርፉን አንድ በአንድ መረመሩ። በዋዜማው ማታ ሁሉ ነገር በስፍራው ነበር፤ ጧፉ፣ ጃንጥላው፣ ነጠላው፣ ስንቁ። ያረፈው ጕልበትም እንደ ንብረት አብሮ ተቈጠረ።

በማግሥቱ በ1 ሰዓት ጀልባው ተነሣ። ነጂው ለሁላችንም በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ልብስ አለበሰን፤ ይህን የማይሰጥ ጀልባ ላይ ቤተ ሰብ መጫን አይገባም። በክብራን አጠገብ ስናልፍ ሞተሩን አቀዘቀዘው፤ እናቴም ባለቤቴን ተደግፈው ቆመው ሰገዱ። ዘጌ ወደብ ስንደርስ ፀሓይ ገና ለጋ ነበረች። ዘጌ እንደ ልማዱ በሬ የማይጠመድባት፣ መሬቷ የማይታረስባት የቡና ጫካ ስለ ሆነች፣ ከታች እስከ ላይ ጥላ ነው። ዐቀበቱን እናቴ በምርኩዝ ወጡት፤ ሦስት ጊዜ ዐረፉ፤ በአራተኛው ላይ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ጣራ በዛፎቹ መካከል ታየ። ጃንጥላውን በገዛ እጃቸው ለካህኑ ሰጡ። ልጆቹም በመቅደሱ ዙሪያ በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ሲዞሩ፣ የልጅ ልጅየዋ ያያትዋን እጅ ይዛ እያንዳንዱን ሥዕል ማን ማን እንደ ሆነ ታስነግራቸው ነበር። ሲወርዱ እናቴ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ትናንት ባልተቀመጥሁ ዛሬ አልወጣሁም ነበር» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ስለ ጉብኝቱ ያሉት ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ በባሕር ዳር በዓባይ ላይ ተከፍቷል። በሌላ በኩል ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ለዓሣ አጥማጁም ለታንኳውም ጠላት ሆኖበታል፤ ገበሬዎችም ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ተጐድቷል፤ የመንገደኛውም ጉዞ ተሰናክሏል። ስለዚህ ዛሬ ለመሄድ የሚያስብ ቤተ ሰብ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው ካሉ ዘመዶችና ከትራንስፖርት ሰዎች ይጠይቅ፤ መንገዱ ደኅና ካልሆነ ስለቱ እስከሚመች ጊዜ ድረስ ቢቈይ ነውር አይደለም።

መንገዱ ደኅና በሆነ ጊዜ ግን ከጀልባው በፊት አንድ ቀን ያዙ። ያን ቀን ከቤተ ሰቡ ለደካማው እግር መጠን ለኩት፤ ብርቱዎቹ የቀራቸውን ሲመለሱ ያዩታል። ልጆች በጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ደሴቱን ማን እንዳቀናው፣ ሣሩን ታንኳ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ይስሙ። ሽማግሌዎችም ከዐቀበቱ በፊት አንድ ምሽት በባሕሩ ዳር ይቀመጡ።